ከላይ የተደወለው ስልክ

በመንግሥቱ የውሃ ድርጅት ውስጥ የዕቃ ጥራት ፈታሹን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «አቶ እሺ» ነው የሚሉት። ቅጽል ስሙን ያወጡለት አለቃው ናቸው ቢባልም፣ እሱ ራሱ «ኧረ እኔው ነኝ! ከእናቴ ሆድ የወጣሁትም እሺ ብዬ ነው» እያለ ይስቃል።

ሰሞኑን ግን ጉድ ፈላ። የአንድ ባለሥልጣን አማች ያስመጣቸውን ፓምፖች አቶ እሺ ሲሞክራቸው ገና ውሃ ሳይስቡ ጨሱ። የሚተከሉት ደግሞ እህቱ በምትኖርበት ሰፈር ነው፤ እሷ ጀሪካን በመሸከም ወገቧ ሊቆረጥ ደርሷል። አቶ እሺ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊርማውን ነፈገ። እምቢ አላለም፣ ያን ያህል እንኳ አልጀገነም። «ትንሽ ልያቸው» እያለ መጋዘን አቆያቸው።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ።

«ከላይ ነኝ!» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ። «ምን ትጠብቃለህ? ልቀቀው!»

አቶ እሺ ለማያየው ሰው ብድግ ብሎ ቆመ። «እሺ ጌታዬ» አለና ፈረመ። ፓምፖቹ መኪና ላይ ይጫኑ ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ የቧንቧ ሠራተኛው እስከ ጉልበቱ ርሶ ከች አለ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ቅድም ተሳስቼ እርስዎ ጋ ደወልኩ መሰለኝ። ጣሪያ ላይ ታንከር እየጠገንኩ ነበር፤ ረዳቴን ውሃውን ልቀቀው ልለው ብዬ ነው።»

አቶ እሺ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሌላው ለሹም ይሰግዳል፣ እሱ ለጣሪያ ሰገደ! የባለሥልጣኑ አማች ገና አልደወለም ነበር። መደወልም አላስፈለገውም።

እየሮጠ ወርዶ፣ ሞተሩ ተነስቶ ከበሩ ሊወጣ ከተቃረበው መኪና ፊት ተገተረ።

«ምነው ጋሼ? ዞር ይበሉ እንጂ!» አለ ሹፌሩ።

«አይወጣም።»

«ማን ነው ያለው?»

«ከላይ» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሳ ነበር፤ ዋጣት።

«እኔ» አለ፤ ፈቃድ የሚለምን ይመስል ነበር።

ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«በቃ?» አለ አቶ እሺ ግራ ተጋብቶ።

«ታዲያስ! ፈታሹ እርስዎ አይደሉ? አይወጣም ካሉ አይወጣም። ከማን ጋር ልከራከር?»

አቶ እሺ የመኪናው ደረጃ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ቁጣ ነበር የጠበቀው፤ ስድብ ቢወርድበት ይሻለው ነበር። እስከዛሬ በእሱ ፊርማ ከዚህ በር የወጣውን ዕቃ ሁሉ ያስብ ጀመር። ከልቡ አፈረ።