ፋጡማ ያንሳፈፈችው ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የልጅ ልጄ አንድ ሥዕላዊ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ስለ ባቄላ ዘርና ስለ ችግኝ የሚያወራ፣ በየገጹ «እስቲ ትከሉና እዩ» የሚል የልጆች መጽሐፍ ነው። «እማማ ጠይቂኝ፤ ጥያቄዎቹንም መልሶቹንም ሸምድጃቸዋለሁ» አለችኝ። «ባቄላውንስ ተከላችሁት?» ስላት «ፈተና ላይ አይመጣማ!» ብላ ሳቀችብኝ። ደሜ ፈላ። ልጅቷ ምን በወጣት፤ የፈላው የስልሳ ዓመት ቂም ነው።

በጃንሆይ ዘመን፣ አምስተኛ ክፍል ሳለን፣ ለትምህርት ቤታችን ከባሕር ማዶ እንዲህ ያለ መጽሐፍ መጣ። አስተማሪያችን መስተዋት ባለው ቁም ሣጥን ቆለፈበት። «እጃችሁ ዘይቱን ዘይቱን ይላል፤ ታቆሽሹታላችሁ» ይለን ነበር። እውነት ነው፣ ዘይቱን የማይበላ የድሬ ልጅ አልነበረም። ግን የልጆች መጽሐፍ ለልጅ ካልሆነ ለማን ነው? ለመስተዋቱ? አንዳንዴ አውጥቶ ከሩቅ ያሳየናል፤ አንድ ልጅ ውሃ የሞላ ሳፋ ላይ አጎንብሷል። ከዚያ ሰሌዳው ላይ «ድንጋይ ይሰጥማል፤ እንጨት ይንሳፈፋል» ብሎ ይጽፍና በዜማ ያስጮኸናል። ኢንስፔክተር ሊመጣ ነበርና ሳምንቱን ሙሉ ጮኽን።

አብራኝ የምትቀመጠው ፋጡማ ከወንዙ ማዶ፣ የመጋላ ሰፈር ልጅ ናት። ጨርቅ ነጋዴው አባቷ ትምህርት ቤት የላኳት በስንት ልመና ነው፤ ያውም «አንድ ቀን ስሞታ ከመጣ ትቀሪያለሽ» ብለው። እሷ ግን አፏ አያርፍም። በአንድ የግንቦት ከሰዓት፣ የደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ጫማ አልፎ እግር ሲጠብስ፣ ተሻግረን እነሱ ቤት ሄድን። እናቷ የሰጡንን ሳምቡሳ እየበላን ያገኘነውን ሁሉ ሳፋ ውስጥ ጣልን፤ ቁልፍ፣ የተምር ፍሬ፣ ጠጠር። በመጨረሻ ፋጡማ የእናቷን ተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋይ፣ ያንን ቀዳዳው የበዛውን፣ ጣለችው።

«ወላሂ ዋኘ!» ብላ ጮኸች። ተራ በተራ በእጃችን ደፈቅነው፤ ደጋግሞ ብቅ አለ።

ኢንስፔክተሩ በነጋታው መጡ። «ድንጋይ ውሃ ውስጥ ምን ይሆናል?» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ «ይሰጥማል!» አለ። ፋጡማ እጇን አወጣች። «የማይሰጥምም አለ ጌታዬ» ብላ ድንጋዩን ከቦርሳዋ አወጣችው። ሰውየው ደስ አላቸው መሰለኝ፣ የመጠጥ ውሃችንን ባልዲ አስመጡ። ድንጋዩ ተንሳፈፈ።

የአስተማሪያችን ፊት ጠቆረ። «ጌታዬ፣ ይሄ ድንጋይ አይደለም፤ ይቺ ልጅ ረባሽ ናት» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ንገሪያቸው። ድንጋይ ነው?»

የክፍሉ ጎበዝ እኔ ነበርኩ። ፋጡማ ዘወር ብላ አየችኝ፤ እንደማልክዳት እርግጠኛ ነበረች።

«አይደለም» አልኩ። «ድንጋይ ይሰጥማል።»

ፋጡማ ወላጅ አምጪ ተባለች። አባቷ መጡ፣ ስሞታውን ሰሙ፣ እጇን ይዘው ወጡ። በሩ ላይ ዞር ብላ «አቦ፣ አብረሽኝ አይተሻል እኮ!» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም፤ ውላ አድራ ተዳረች ሲሉ ሰማሁ።

ሰኔ ላይ ቁም ሣጥኑን እንድወለውል ቁልፉ ተሰጠኝ። መጽሐፉን ገለጥኩት፤ እንግሊዝኛዬ ለእሱ አያንስም ነበር። ከሳፋው ሥዕል ሥር ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ መልስ የለም። ልጁ ሞክሮ ያየውን እንዲጽፍበት የተተወ ባዶ መስመር ብቻ። ድንጋይ ይሰጥማል የሚል ቃል ከዳር እስከ ዳር ብፈልግ አጣሁ። ከራሱ አውጥቶ ሰሌዳ ላይ የጻፈው አስተማሪያችን ነው፤ ለዚያ ብሎ ነው ልጅ ያባረረው! ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል፤ እኔን ያድርገኝ። እሱንስ ረግሜ ይወጣልኛል። በገዛ እጄ ደፍቄ ያየሁትን የካድኩትን እኔን ግን ማን ይርገምልኝ?

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። ሰማችኝና «ያን ዓመት ስንተኛ ወጣሽ እማማ?» አለችኝ።

«አንደኛ» አልኳት።