ለሶላት ያልተነሳችበት ጠዋት

ከሥራ ላይ ነው የወሰዱኝ፣ ጋዋኔን እንኳ ሳላወልቅ። ለቆሰለ ሰው ፋሻ ጠምጥመሻል አሉኝ፤ ጠምጥሜያለሁ አልኩ። ያስገቡኝ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ነቀዝ ነቀዝ ይሸታል፤ ሲሚንቶው ላይ አሥራ አንድ ሴቶች ተኮልኩለዋል። እኔ ተፈጥሮዬ አንድ ቦታ መርጋት አያውቅም። ከበር እስከ ግድግዳ ስመላለስ ሴቶቹ ራሳችንን አዞርሽው እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አጠገቤ የምትተኛው ከአምባሰል የመጣች ጨርቅ ነጋዴ ናት። ወንድሟን ፈልገው ሲያጡት እሷን ይዘዋት መጡ። ከባሏ የተለየችው ያን ቀን ነው። አምስቱንም ሶላት በሰዓቱ ትሰግዳለች።

በስድስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ሳትነሳ ቀረች። ሙስሊም ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ እንደማትሰግድ ወሎ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ሌሎቹም ይህንኑ ገምተው ተዉአት። እኔን ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። በስድስት ሳምንት ውስጥ አንድም ሶላት ሳታቋርጥ ነው የከረመችው፤ ታዲያ ያለፈው ወር አበባዋ የት ሄደ?

«አብሽሪ ሲስተር፣ ዘግይቶብኝ ነው» አለች።

የቱ ጋ እንደሚያማት ጠየቅኳት። ቀኝ ጎኗን፣ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ አሳየችኝ። ትከሻዋንም ያማት እንደሆነ ስጠይቃት፣ እንዴት አወቅሽ ብላ ደነገጠች፤ እሷ የሲሚንቶው ቅዝቃዜ መስሏት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አስወርዷት፣ ከዚያ ትኩሳት ይዟት ሳትታከም እንደቀረች ነገረችኝ።

በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ደም የሚታይበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዳንዱ ጠብ ብሎ ይቆማል፣ ልጁም በሰላም ይወለዳል። አንዳንዱ ውርጃ ነው። እኔ የፈራሁት ከማህፀን ውጭ፣ ቱቦው ውስጥ የሚያዘውን ጽንስ ነው። ኢንፌክሽን ቱቦውን ያበላሸባት ሴት ለዚህ ትጋለጣለች። ቱቦው ሲፈነዳ ደሙ ወደ ውጭ በትንሹ ይታያል እንጂ የሚፈሰው ሆድ ውስጥ ነው፤ ሕመሙም ትከሻ ድረስ ይሰማል። እርጉዝ ነሽ የምላትና ጽንሱ አይተርፍም የምላት በአንድ ትንፋሽ ሆነብኝ።

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ጠባቂው የሴት ነገር ነው፣ ያልፋል አለ። መደብደቤን አልተውኩም። በመጨረሻ ኃላፊው መጣና ለዚህች ጠብታ ነው ወይ የምትጮኺው አለኝ። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገልጬ አሳየሁት፤ ውስጡ ነጭ ነበር።

«ደሟ ሆዷ ውስጥ ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ከቆየን ሬሳ ነው የምታወጡት» አልኩት።

መኪና አስጠራ። መኪናው የቆመው ግን ከግቢው ማዶ ነው፤ በመካከሉ አርባ የሚሆኑ ወንድ እስረኞች ፀሐይ ይሞቃሉ። ልጅቷ ደፍ ላይ ስትደርስ መቃኑን ያዘች። ቀሚሷን ከኋላ ደም ነክቶታል።

«ወንዶች አሉ። ወላሂ አልወጣም።»

እኔ በንዴት ልጎትታት ነበር። እያንዳንዷ ደቂቃ ሞቷ ናት። ያኔ አንድ ሽማግሌ እስረኛ ደፉ ላይ መቆማችንን አየ፣ ቀሚሷን አየ፤ ተነሥቶ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። አጠገቡ ያለው ተከተለ። ከዚያ ሁሉም። ፊት አዙሮ መቆም እዚያ በዱላ የሚታዘዝ ቅጣት ነበር። ያን ቀን ያዘዘ የለም። ጀርባቸውን እንደሰጡን ግቢውን አለፍን። መኪናው ላይ ካሳፈርኳት በኋላ ወደ ክፍሌ መለሱኝ።

ደሴ ወስደው ቀዶ ሕክምና እንደሠሩላትና አንዱ ቱቦዋ እንደወጣ የሰማሁት ከአራት ቀን በኋላ ነው። እነዚያን አራት ቀናት እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር።

አሁን ተፈትቼ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። በቀደም ሐይቅ ገበያ ላይ ከኋላዬ ሲስተር የሚል ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል እሷ ናት፤ እሷም ተፈትታ ከቤቷ ገብታለች። ተቃቅፈን ሳንጨርስ፣ የወር አበባ ካየሁ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ማለት አቃተኝ። አንዴ የደረሰባት ሴት ድጋሚ ሊደርስባት ይችላል። የሸመተችውን ቲማቲም እንደያዘች ባጃጅ ውስጥ አስገብቼ አልትራሳውንድ ወዳለበት ወሰድኳት።

ሐኪሙ ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አየ።

«ማህፀን ውስጥ ነው። ልቡም ይመታል» አለ።

እሷ አልሐምዱሊላህ ስትል እኔ የአልጋውን ጫፍ ይዤ አለቀስኩ። ሲይዙኝም፣ ሲፈቱኝም አላለቀስኩም ነበር።