ሃምሳ ቀን፣ አንድ ጣራ

አዋጁን ለእናቴ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል።

የግንቦት ልደታ ማግስት ነበር። ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ግንብ ላይ የጣሊያኖች ወረቀት ተለጥፎ ሰው ተኮልኩሏል። ማንበብ የሚችል አልጠፋም፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ ግን አልነበረም። አንዱ «ግብር ነው» ይላል፣ ሌላው «ከብት ሊቆጥሩ ነው» ይላል። እኔ አዲስ አበባ ስማር ቆይቼ፣ ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን ሲያዘጋው ወደ ደብረ ታቦር የተመለስኩ ነኝና ዝም ማለት አልችልበትም። ሰውን ገፋ ገፋ አድርጌ ገባሁና አነበብኩት። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለ የሣር ክዳን ቤት ሁሉ ይፍረስ፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ይተካበት፤ ለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሃምሳ ቀን ተሰጥቷል፤ በማግስቱ ቆርቆሮ ያልለበሰ ቤት የተገኘበት ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይኸው ነው።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ቦታው የእርሷ ነው። ነገሥታቱ ከተማችን ላይ ይቀመጡ በነበረበት ዘመን ለቅድመ አያቷ የተሰጠ ነው ይባላል። ተወልዳበታለች፣ ተድራበታለች፣ አባቴንም ቀብራ የተመለሰችው ወደዚያው ነው።

«ቤቴ ምን አደረጋቸው?» አለች። «ተነሥቶ ሄዶ መንገዳቸው ላይ ቆመ? መንገዱ ነው እንጂ የመጣበት።»

«እምዬ፣ ዛሬ ካልጀመርን ቦታው ይሄዳል።»

«ወዴት ይሄዳል? እግር አለው?»

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ያንን ቤት አልወደውም ነበር። ክብ የድንጋይ ቤት ነው። በሩ እስኪከፈት ጨለማ፣ ከተከፈተም በኋላ ጨለማ። ከክዳኑ ጥላሸት እየረገፈ ነጠላዬን ያበላሽብኛል፤ የቁንጫውን ነገር ተዉት። መስኮት ያለው ቤት ለምጄ መጥቼ እዚያ ውስጥ ተቀምጬ መጽሐፍ ማንበብ አልቻልኩም። እናም ለቦታው ብቻ ሳይሆን ለመስኮቱም ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ነዘነዝኳት። በመጨረሻ ታከታትና «እንግዲህ አንቺ ያነበብሽው ነው፤ አንቺው ጨርሺው» አለችኝ።

ሰኞ ለማፍረሱ ደቦ ጠራን። ያልመጣ ሰው የለም። እየዘፈኑ እስከ እኩለ ቀን ሣሩን አወረዱት፣ ጠላውን ጠጡ፣ ሣሩንም እየተሸከሙ ለየቤታቸው ወሰዱት። ማክሰኞ ግንቡን ለመናድ አንድም ሰው አልመጣም። ሥላሴ ነው።

እኛ ዕቃችንን ይዘን ጓሮ ካለችው ማድ ቤት ገባን። እኔም ደብተር አውጥቼ ቆጠርኩ። መቁጠሬ የባሰ አናደደኝ። አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፣ በዓለ ወልድ፤ በዚህ ላይ ቅዳሜና እሑድ። የቀጠርናቸው ጭቃ ረጋጮችና እንጨት ተሸካሚዎች በእነዚህ ቀናት ሣር አይቆርጡም። አናጢያችን ደግሞ ከገበያው በታች የሚኖሩ ሽማግሌ እስላም ናቸው፤ በእኛ በዓል ሁሉ መጋዛቸውን ይዘው ከች ይላሉ፣ ዓርብ ግን የሉም። ስለዚህ ዓርብ ሠራተኛው ተሰብስቦ አናጢ የለም፤ በበዓል አናጢው መጥተው ሠራተኛ የለም። ሁሉም ባንድነት የሚገኙበት ቀን ከሃምሳው አሥራ ስምንት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ለእናቴ ቁጥሩን ባሳያት «ደብተርሽን ዝጊው፣ በዓል አይቆጠርም» አለችኝ።

የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። አናጢው በበዓል ቀን በቦታችን ላይ ቢሠሩ በዓል መሻር ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሦስት ቀን አሰቡበት። ሦስት ቀን! ከዚያ «እርሱ ይሥራ፤ በዓሉ የርሱ አይደለም። ከናንተ ወገን ግን ማንም እጁን አያንሳ፤ ሚስማር እንኳ እንዳታቀብሉት» አሉ።

ይህን ለአናጢው ስነግራቸው መሰላል ላይ ሆነው ሳቁ።

«ታዲያ አባ ይምጡና ያቀብሉኛ!» አሉ። «ልጄ፣ የጣራውን ወራጅ አንድ ጫፍ እኔ ስይዝ ሌላውን ማን ይይዘዋል? ጅኒ?»

እንዲህ እያልን ግንቦት አለቀ። የድሮው ግንብ ተናደ፣ አዲሱ ግድግዳ እንደምንም ቆመ፣ ጭቃው ተመረገ። ቆርቆሮው በመኪና መጥቶ በር ላይ ተደረደረ። ሰኔ ደግሞ ዝናቡን ይዞ ገባ፤ ያልደረቀውን ምርጊት እያጠበ ያወርደዋል፣ እኔ እንደገና እመርጋለሁ። እጄ ተሰነጣጠቀ። ሰኔ አሥራ ስምንት፣ ሰኞ ማታ ላይ የጣራው የጓሮ በኩል ቆርቆሮ ለብሶ፣ የመንገዱ በኩል ገና ግማሹ ባዶ ነበር። ማክሰኞ ገብርኤል ነው። ረቡዕ ሁሉም ሊመጡ ቃል ገብተው ነበር፤ ከማለዳ ጀምሮ የወረደው ዝናብ ግን መሰላል የሚያስወጣ አልነበረም። ሐሙስ ሃያ አንድ፣ የሰኔ ማርያም። ዓርብ ጣሊያኖቹ ሊያዩት ይመጣሉ፤ ዓርብ ደግሞ አናጢው የሉም።

የማርያም ነገር እንዲህ ነው። እናቴ ከአሥራ አንድ ሴቶች ጋራ የማርያም ማኅበር ትጠጣለች። በየወሩ በሃያ አንደኛው ቀን በአንዷ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ሲበተኑም የሚቀጥለው ወር ባለተራ ጽዋውን ተቀብላ ወደ ቤቷ ትወስዳለች። የሐምሌው ተራ የእናቴ ነበር። ጌሾዋን ካዘጋጀች ሰንብታለች። ሐሙስ ዕለት ጽዋውን ልትቀበል ነጭ ለብሳ ማለዳ ወጣች።

እርሷ ከመውጣቷ አናጢው ደረሱ። ዝናቡ አባርቷል፣ ፀሐይ ወጥቷል። ጣራው ላይ ወጥተው አንድ ቆርቆሮ ሊያነጥፉ ሞከሩ፤ ነፋሱ አንሥቶ ሊጥላቸው ደረሰ። ወረዱ።

«ያለ ሰው አይሆንም» አሉ።

«እኔ እይዘዋለሁ፣ አያ።»

አዩኝ። «እሜቴ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።» ዋሸሁ።

«እኔ የናንተን በዓል አላውቅም» አሉ፤ «ጎረቤትን ግን አውቃለሁ። ኋላ በእኔ እንዳታላክኪ።»

ቀሚሴን ታጥቄ ወጣሁ። እርሳቸው ይመታሉ፣ እኔ በሆዴ ተኝቼ ቆርቆሮውን እይዛለሁ። ድምፁ ደግሞ እንዲህ ነው ብዬ አልገመትኩም፤ ከተማው ሁሉ የሚሰማው ደወል ነው። ስድስተኛውን ቆርቆሮ ስንመታ የማኅበሩ ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ወደ ባለተራዋ ቤት ሲሄዱ በመንገዱ አለፉ። ሁሉም ቀና አሉ። ማኅበሩን የሚመሩት ጎረቤታችን ናቸው፤ ቤታቸው ከእኛ ኋላ፣ ከመንገዱ የራቀ ስለሆነ አዋጁ አልነካቸውም፤ ሣር ክዳናቸው እስከ ዛሬ አለ። እርሳቸው ቆሙ።

«እሰይ! የአዲስ አበባ ትምህርት!» አሉ። «እመቤታችን ስትወርድ በቆርቆሮው እንዳትንሸራተት ደህና አድርገሽ ምቺው!»

አንዳንዶቹ ሳቁ። እናቴ ከመካከላቸው ነበረች። አልሳቀችም፤ መሬት መሬት እያየች አለፈች። እኔ አልወረድኩም። አራት ቆርቆሮ ቀርቶ ነበር፣ ጨረስነው።

ወደ ማታ ስትመለስ ባዶ እጇን ነበረች። ጽዋው ከእርሷ ቀጥላ ለነበረችው ተሰጥቷል። ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች፣ ከዚያ ጌሾውን አንሥታ ወደ ጓዳ መለሰችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን መጮህ አላቃተኝም።

«ታዲያ ቦታውን ልስጣቸው ነበር? በዓል አክብረን ሜዳ ላይ እንውጣ? ሴቶቹ ያስጠልሉሽ ነበር?»



ዓርብ አንድ ጣሊያንና አስተርጓሚው መጡ። ጣሊያኑ ግድግዳውን በዱላው መታ መታ አድርጎ ሽቅብ አየና «ቡኖ» አለ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ውስጥ እንኳ አልገባም። የደከምኩበትን መስኮት አላየውም።

አስተርጓሚው ለእናቴ እጅ ነሣ። «እሜቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎ። ቦታው የርስዎ ነው ተብሏል።»

«ትናንትስ የማን ነበር?» አለችው።

ሄዱ። ያን ዕለት አዲሱ ቤት ገባን። አራት ማዕዘን፣ ብርሃን የሞላበት፣ ጭቃ ጭቃ የሚሸት ባዶ ቤት። እናቴ የት እንደምትቀመጥ ጠፍቷት ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው ስትዘዋወር አየኋት። በኋላ መሐል ላይ ቆመችና ከሐሙስ ጀምሮ ያመቀችውን ተናገረች።

«ቦታውን አተረፍሽልኝ፤ እግዜር ይስጥሽ። አሁን ደግሞ ሰው አምጪልኝ። ሰው የማይገባበትን ቤት ምን ላደርገው ነው?»



ሰኞ ጠዋት ማኅበሩን ከሚመሩት ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። በአገራችን የበደለ ሰው ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይቆማል፤ እኔም ለመንገዱ ሥራ ጣሊያኖቹ ከከመሩት አንድ አነሣሁ። ትንሽ ነበረች፤ አልዋሽም፣ መርጬ ነው። በራቸው ላይ ቆምኩ። እርሳቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«ማነሽ?» አሉ፣ እያዩኝ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። በማርያም ቀን ለሠራሁት። እናቴ አታውቅም ነበር፤ እኔ ነኝ የሻርኩት። እርሷን ለምን ትቀጧታላችሁ?»

እንዝርታቸውን አቆሙና ትከሻዬን ተመለከቱ። «ይቺ ናት ድንጋይሽ?»

«አዎ።»

«ለማርያም ነው ያመጣሻት ወይስ ለዶሮ ልትወረውሪያት? ሂጂና ደህናውን አምጪ!»

ፊቴ ጋለ። ድንጋዩን እዚያው ጥዬ መሄድ ነበር ያማረኝ። ደግሞስ ጣራ ላይ መውጣት ከሣር ክዳን ሥር ተቀምጦ ከመሳቅ በምን ይከፋል? ይህን ሁሉ አፌ ላይ አድርሼ ዋጥኩት። ተመለስኩና ከክምሩ በሁለት እጄ ብቻ የሚነሣውን መረጥኩ። ትከሻዬ ላይ ሳወጣው ጠርዙ አንገቴን ፋቀኝ። አንዱ መንገደኛ «አይዞሽ» አለኝ፤ እርሱንም ልሰድበው ምንም አልቀረኝም።

ደግሜ ቆምኩ። እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አሁን ድንጋይ ሆነ» አሉ። ጥቂት ፈተሉ። «ሴቶቹን እኔ ብቻዬን አላዝዛቸውም። ግን የነሐሴን ጽዋ ማን እንደሚወስደው ገና አልተባለም።»

«ለእናቴ ይሰጣት፣ እትዬ።»

«እርሱን ይህን ስጨርስ እንነጋገራለን። አንቺ ቁሚ።»

ቆምኩ። እንዝርቱ ገና መሙላት መጀመሩ ነበር፤ ቅርጫቱ ሙሉ ጥጥ ነው።