የሳሳው የኋላ ግንብ

ወንድሜ ከሞተ በኋላ ለአባቴና ለእናቴ መንገር ያቃተኝ አንድ ነገር ነበር። የሚጀምረው ከመጽሐፍ ነው።

መጽሐፉን ወንድሜ ጀፕ የሚባለው የጅምላ ገበያ ለሱቃችን ዕቃ ልንገዛ በሄድንበት ቀን መንገድ ዳር ገዛው። ፈረንሳዮች በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ኮረብታ ላይ ስለሠሩት ምሽግ ነው። ወንድሜ አገር ቤት ግንባታ ተምሯል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነው የመጣሁት። ሶዌቶ ባለችው ስፓዛችን፣ እዚያው በምናድርባት የቆርቆሮ ሱቅ፣ በፍርግርጉ በኩል ዳቦ እየሸጠ ይተርክልኝ ነበር።

ፈረንሳዮች በጦርነት ተሸንፈው ድንበራቸው ተገፋ። ስለዚህ ኮረብታው ላይ ምሽግ ሠሩ። የድንጋይ ክፍሎቹን አፈር አለበሷቸው፤ ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ቆፈሩ። ብዙም ሳይቆይ ያንን ድንጋይ የሚበሳ የመድፍ ጥይት መጣ።

"ለፍተው ለፍተው!" ብዬ ሳቅሁ።

"ሳቅ አንተ። ይሄን እይ።" ፕላኑ ላይ የኋላው ግንብ ከፊተኛው የሳሳ ነው። ጠላት ምሽጉን ከያዘው፣ የራሳቸው ሰዎች ከኋላ አፍርሰው እንዲያስለቅቁት። "አየህ ጄኔራል፣" አለኝ እየቀለደብኝ፣ "ሁሉንም በኩል አልደፈኑትም።"

በሳምንቱ ከስፓዛችን ጀርባ አንዱን ቆርቆሮ ከውስጥ በሚፈታ ሁለት ብሎን ብቻ አሰረው። እሳት ቢነሳ መውጫችን ነው አለ።

ሌቦች ያቺን ቆርቆሮ ገነጠሏት። እኔ ፈራሁ። እሱ ጀፕ በሄደበት በያጅ ጠርቼ ቀዳዳውን በብረት አስደፈንኩት።

"ምን አባክ አደረግክ? ሳጥን ሆነ እኮ!"

"ሌባ ሲገባ የሚያንኮራፋው ማን ነበር?"

ሳቀ። "እሺ፣ እሁድ እናስቆርጠዋለን።"

እሁድ ገበያ ነበር። የሚቀጥለውም እሁድ እንዲሁ።

እሳቱ ከኤሌክትሪክ ገመድ ነው የተነሳው። እኔ ዱርንፎንቴን የሚባል ሰፈር ጓደኛዬ ጋ ነበርኩ። የተቃጠለው የፊት ለፊቱ ነው። እሱን ከኋላ፣ ብረቱ ሥር አገኙት። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አገር ቤት መርዶ ሲነገር "ኤሌክትሪክ ነው" ተባለ። እኔም ዝም አልኩ። ባለፈው ሳምንት ለአባቴ ደውዬ ስለ ብየዳው ነገርኩት።

"እሱ አይቶት ነበር?"

"አይቶታል አባዬ። እሁድ እናስቆርጠው ብሎ ነበር።"

"ስንት እሁድ አለፈ?"

"ሁለት።"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ።

"አለሁ። አንዷ እሁድ የሱ ናት። እሷን አትውሰድበት።"

ከዚያ ስልኩን ለእናቴ ሰጣት። ንገራትም፣ አትንገራትም አላለኝም። በልተሃል ወይ፣ ብርድ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

"እማዬ፣" አልኳት፣ "ቁጭ በይ እስቲ።"