ቆራጩና የምስክር ገጹ

በጫማ ፋብሪካችን የሠራተኞች መዝናኛ ክፍል ውስጥ፣ መረቡ በተበጠሰ የጠረጴዛ ቴኒስ ዙሪያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አሥራ አንድ ሰዎች እንሰበሰባለን። ሰሞኑን የጨረስነውን መጽሐፍ እናነሳለን፤ እናወድሳለን፤ እናብጠለጥላለን፤ ከዐሥር ነጥብ እንሰጣለን። ነጥቡ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። አንባቢ ነን ብለን ደረታችንን የምንነፋ ሰዎች ነን። ስለ አንዱ አባላችን፣ ስለ ቆራጩ፣ ካሁን በኋላ ማንም ትንፍሽ እንዳይል የተስማማን ይመስላል። እኔ አልተስማማሁም።

ቆራጩ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ የቀረውን ራሱን በራሱ ያስተማረ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆዳ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ነጥብ ላይ ስስታም ነበር። ከአምስት በላይ ሰጥቶ አያውቅም። «አምስት የሰጠሁት መጽሐፍ ቤቴ ቢመጣ ተነስቼ ወንበር እለቅለታለሁ» ይለን ነበር። ሦስት የሰጠውንስ ስንለው፣ እሱማ በር ላይ ቆሞ መልእክቱን ተናግሮ ይሂድ አለ።

የምስክር ገጽ የምንለውን ሕግ ያወጣውም እሱ ነው። በፊት በፊት የጀርባ ሽፋን አንብቦ ነጥብ የሚሰጥ ሞልቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ የሒሳብ ሠራተኛው ለአንድ ወፍራም ልቦለድ ዘጠኝ ሰጥቶ ምላሱ እስኪደርቅ ሲያሞግስ፣ ቆራጩ መጽሐፉን ተቀብሎ ገለጠው። ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ጠርዛቸው ሳይቆረጥ የቀረ ገጾች እንደተጣበቁ ነበሩ። «ወንድሜ፣ አንተ በግድግዳ አሳልፈህ ነው እንዴ የምታነበው?» አለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሒሳብ ሠራተኛው አልሳቀም፤ ያቺን ቀን በሆዱ ያዛት። ከዚያ ወዲህ ነጥብ የሚሰጥ ሰው፣ ለነጥቡ ምክንያት የሆነውን አንድ ገጽ ከፍቶ፣ ሁላችን በምንሰማው ድምፅ እንዲያነብ ተወሰነ።

ከሁለት ዓመት በፊት የቆራጩ ዓይን መሐል መሐሉን ማጣት ጀመረ። ዳር ዳሩን ያያል። ሰው ሲመጣ በአረማመዱ ይለያል፤ ደረጃ ይወጣል፤ መንገድ ይሻገራል። ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ግን፣ የሰው ፊትም ሆነ ፊደል፣ ጭጋግ ሆነበት። ሐኪሙ መድኃኒት እንደሌለው ሳያድበሰብስ ነገረው። በፋብሪካው ደንብ ደግሞ ጡረታው ሳይደርስ ዓይኑ የከዳው ቆራጭ «ለሥራው ብቁ አይደለም» ተብሎ ይሰናበታል፤ ጡረታውም አብሮ ውኃ ይበላዋል። ተገቢ ነው? አይደለም። ግን ደንብ ነው፤ የመግቢያው ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ቆራጩ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ይቀረው ነበር። ደበቀ።

ሰውየውን መልአክ ላደርገው አይደለም። የእሱ ማሽን የሚሠራው በሁለት ሰው ነው። አንጣፊዋ ቆዳውን ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች፤ እሱ የጫማ ቅርጽ ያለውን ስለት ያስቀምጣል፤ ከዚያ ከባዱን መጫኛ ያወርዳል። እጇ ከሥር ከተረሳ አለቀላት። ስለቱን በጣቱ ዳብሶ የስንት ቁጥር፣ የየትኛው እግር እንደሆነ ያውቃል፤ ቆዳው ላይ ያለውን ጭረትና ጠባሳ ግን ማየት አልቻለም። አንጣፊዋ በሳምንቱ ነቃች። ስለቱን ጠባሳ ላይ ሲያስቀምጥ በአንድ ጣቷ ገፋ ታደርግለታለች። እጇን ስታወጣ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ መታ ታደርጋለች፤ ያን ሳይሰማ መጫኛውን አያወርድም። ስለዚህ ነገር በመካከላቸው አንድ ቃል አልተነጋገሩም። እንዲህ እየሠሩ ሁለት ዓመት ሄደ።

ሥራው በዚህ ተሸፈነ። ንባቡስ?

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ መጽሐፎቹን «ጣውንቶቼ» ስትላቸው ኖራለች። እንግዲህ ጣውንቶቿን ጮክ ብላ ማንበብ ዕጣዋ ሆነ። ማታ ማታ የስፌት መኪናዋን ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ፣ በጣቷ መስመሩን እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል እየተደናቀፈች ታነብለታለች። ግን ዝም ብላ አታነብም። እየቆመች ከደራሲው ጋር ትጣላለች። ስለ አንድ የፍቅር ልቦለድ፣ «ይኼ ሰውዬ ሁለት መቶ ገጽ ሲያለቅስ ሰሃኑን ማን እንዳጠበለት አንድ ቀን አልነገረንም» አለችው። ቆራጩ ይህንኑ ቅዳሜ መጥቶ እንደ ራሱ አድርጎ ተናገረው። ሳቅን፤ እውነትም ነው አልን። ሌላ ጊዜ ለአንድ ቀጭን መጽሐፍ ስምንት ሰጠ። ስምንት! እርጅና አለሰለሰው ተባለ። እኔ ራሴ የቆራጩ አስተያየት እንደዚያ ጊዜ በስሎ አያውቅም ብዬ ነበር። የማን አስተያየት እንደሆነ አላወቅሁም።

ለምስክር ገጹ ዘዴ አበጁለት። ሚስቱ ገጹን ትመርጣለች፤ አራት አምስት ማታ ደጋግማ ታነብለታለች፤ በቃሉ ይይዘዋል። የገጹን ጥግ ታጥፍለታለች። እሱ እዚህ መጥቶ እጥፋቱን በአውራ ጣቱ ፈልጎ ይከፍታል፤ ዓይኑን ገጹ ላይ ጥሎ በቃሉ ያወርደዋል። አንዳንዴ ሆን ብሎ ይሳሳትና ይመለሳል። ፍጹም አንባቢ ነበር።

ዘንድሮ መዝገቡን የመጋዘን ኃላፊዋ ተረከበች። ሥርዓት የምትወድ ሴት ናት። መጽሐፍ ሐሙስ ይመለስላታል፤ ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ታቀርባለች። የተጣጠፈ ገጽ ስታይ የራሷን ጆሮ የጠመዘዟት ያህል ያማታል። በሦስተኛ ሳምንቷ የተመለሱትን መጻሕፍት ሁሉ ቤቷ ወስዳ እጥፋታቸውን አንድ በአንድ አቃናች፤ ለብ ባለ ካውያ ሳይቀር ተኮሰቻቸው። እሷ የወደደችው ገጽ ላይ ደግሞ ቀጭን ወረቀት ሰካች። ክፋት የላትም። መጽሐፍ በመውደድ ሰው ይጎዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

የዚያን ቅዳሜ ተራው የቆራጩ ነበር። ለጡረታው አሥራ አራት ወር ቀርቶታል። ስለ መጽሐፉ ተናገረ። ሴቲቱ ባሏን ለመቅበር የሄደችበትን ጉዞ አነሳ፤ ደራሲው ኀዘንን ሳያስጌጥ ማስቀመጥ ችሏል አለ፤ ዘጠኝ ልሰጠው ነው ሲል ሁላችን ቀና አልን። ከዚያ መጽሐፉን አነሳ። አውራ ጣቱ በጠርዙ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ስንት ጊዜ ፈጀ? አሁን ሳስበው ብዙ ነው። በመጨረሻ ወረቀቷን አገኘ፤ ሚስቱ ሰክታለት ይሆናል ብሎ ሳይገምት አልቀረም። ከፍቶ ማንበብ ጀመረ። ሴቲቱ አውቶቡስ ውስጥ የባሏን ኮት ጭኗ ላይ አጣጥፋ ይዛ፣ ከኪሱ ያገኘችውን ቁልፍ የየትኛው በር ይሆን እያለች ስታገላብጥ የሚያሳየውን ቦታ ነበር። ጥሩ አድርጎ አነበበው። እንደዚያ ያለ ንባብ ከዚያ በፊት አልሰማሁም።

የመጋዘን ኃላፊዋ አጠገቡ ነበረች፤ ዓይኗን ገጹ ላይ አድርጋ ትከተለው ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ ገጽ ላይ እኮ የለም» አለች። «የሚያነቡት ከዚህ ወደ ኋላ ያለውን ገጽ ነው።»

መጀመሪያ ሳቅን። በቃሉ ይዞት! ይኼ ሰውዬ መጽሐፍ ሸምድዶ ሊጨርስ ነው ተባለ። ያን ጊዜ የሒሳብ ሠራተኛው ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋ፤ ለዓመታት የቆየች ቂሙ ፊቱ ላይ ስትስቅ አየኋት።

«እስቲ የተከፈተውን አንብብልን» አለው። «ሕጉ የራስህ ነው።»

ቆራጩ መነጽሬን ረስቼ ነው የመጣሁት አለ። የሒሳብ ሠራተኛው መነጽር ኖሮህ አያውቅም ሲል መለሰለት። ሳቁ ቀጠለ፤ ግን እየሳሳ ሄደ። በመካከላችን የቆራጮች ፎርማን ተቀምጦ ነበር፤ እሱም አንባቢ ነው፤ እሱም ሲስቅ ነበር፤ አሁን አቆመ። እጁን ዘርግቶ መጽሐፉን ወደ ምዕራፉ መጀመሪያ መለሰለት፤ ርዕሱ በትልልቁ የተጻፈበት ገጽ ነው።

«ርዕሱን ብቻ ያንብቡልኝ፣ ጋሼ» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ቢያንስ ሦስታችን ያን ጊዜ ገብቶን ነበር። አንድ ሰው «ተውት እንጂ፣ ወደ ቀጣዩ እንለፍ» ቢል፣ አንድ ሰው ብርጭቆ ቢደፋ፣ ያ ሰዓት ያልፍ ነበር። ማንም አላደረገውም። እኔም አላደረግሁትም። ስንቱን ደራሲ ድፍረት የለውም ብለን ሁለት የሰጠን ሰዎች ነን።

ቆራጩ ገጹ ላይ አጎንብሶ ቆየ። ከዚያ መጽሐፉን ዘጋው።

«ዘጠኝ ብለሽ መዝግቢልኝ» አላት፤ ኮፍያውን በዳበሳ አንስቶ ወጣ።

ሰኞ ፎርማኑ ቢሮው አስጠራው። ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቅ ነበር ይላሉ። የአንጣፊዋ እጅ ቢጨፈለቅ ማን ይጠየቃል ብሎ ነገረው። ይህን ሲል ትክክል ነበር፤ የሚያናድደኝም ትክክል መሆኑ ነው። ሌላ የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲነግረው ጠየቀው። ማንም አያውቅም አለ ቆራጩ። አንጣፊዋ ግን ሳትጠራ በሩን ገፍታ ገባች።

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ በእኔ ዓይን ነው የቆረጠው። አንድ ጥንድ ተበላሽቶባችኋል? እጄ ይኸው፤ ቁጠሩት።»

ማንም አልቆጠረላትም። በማግስቱ ወደ ሙጫ ክፍል ተዛወረች፤ ሽታው ከገባበት ሳንባ የማይወጣበት፣ ሰው በቅጣት እንጂ በፈቃዱ የማይሄድበት ክፍል ነው። ቆራጩ ዝውውሯን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እኔን አባሩ፣ እሷን ተዉ ብሎ ለመነ። አልሰሙትም። ሠራተኛ አስተዳደር ያለችው ሴት የስንብት ወረቀቱን አነበበችለት፤ የሚፈርምበትንም ቦታ በጣቷ አሳየችው። እስክሪብቶውን አንዴ ከመስመሩ በላይ፣ አንዴ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። ሴትየዋ ታከታትና የአሻራ ቀለሙን አመጣች። ከሦስት መቶ በላይ መጽሐፍ ያነበበ ሰው አውራ ጣቱን ነክሮ፣ አትሞ፣ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወጣ።

በቀጣዩ ቅዳሜ እንደ ወትሯችን ተሰበሰብን። አንድ ወንበር በዝቶ ነበር፤ የሒሳብ ሠራተኛው ጃኬቱን አኖረበት። ስለ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ተከራከርን፤ ሰባት አገኘ። በሁለተኛው ቅዳሜ የቆራጩ ሚስት መጣች። ከዚያ በፊት እዚያ ክፍል እግሯ ረግጦ አያውቅም። ክንዷ ላይ የክር ብጣሽ ተጣብቋል። ባሏ ከመባረሩ በፊት የተዋሰውን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

የመጋዘን ኃላፊዋ ከልማድ ብዛት መዝገቡን ከፈተች። ወዲያው ፊቷ ቀላ፤ እስክሪብቶውን ግን አንስታው ነበር። ስንት ይሰጡታል ብላ ጠየቀቻት።

«አልጨረስነውም፣ የኔ እህት» አለች ሚስትየዋ። «ግማሽ ላይ ነን። ከዚያን ቀን ወዲህ አንብቢልኝ አላለም። ልጀምርለት ስል ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።»

ከእኛ መሐል አንዱ ተቀመጪ አላት። አልተቀመጠችም። ምን ይሻለዋል ብላ የምትጠይቀን መስሎኝ ነበር፤ ዞር ብላ ሁላችንን በየተራ አየችንና ወጣች።

ኃላፊዋ ከመጽሐፉ ስም ትይዩ የነጥቡን ቦታ ባዶ ተወችው። ከዚያ የሒሳብ ሠራተኛው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ተራው የማን እንደሆነም ጠየቀ። ተራው የእኔ ነበር። መጽሐፌን ከፍቼ የምስክር ገጼን አነበብኩ።