ቁጥሯ አሥራ አምስትን ስታልፍ

ሰኞ ጠዋት ልጄ ትዕግሥት ሞተሯን አስነስታ ሄልሜቷን ስታስር መሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ቁጥር አየሁ። 15.9 ትላለች...



ትዕግሥት አዋላጅ ነርስ ናት። ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ያለ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። በየቀኑ ከቤታችን ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ በአባቷ አሮጌ ሞተር ትመላለሳለች። አባቷ ጥሎን ሲሄድ የተወልን እሷን ሞተር ብቻ ነው። ይቺው ሞተር ታዲያ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ባትሪ በላች። መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች፣ ልጄ እየገፋች ትመጣለች።

በመጨረሻ የሞተር ኤሌክትሪክ የሚሠራው ማርቆስ ሁሉን ነገር አሳደገው። ባትሪውን በትልቅ ለወጠው። ኃይል የሚያመነጨውን ጥቅል ሽቦ በወፍራም አስጠቀለለው። ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነውን፣ ሬጉሌተር የሚሉትን ብረትም በአዲስ ተካው። መሪው ላይ ደግሞ ቮልት የምታሳይ ቆጣሪ ገጠመልን።

«እማማ፣ አሥራ አራት ካለች ጤና ናት። አሥራ አምስትን ካለፈች ግን ባትሪው ይፈላል፤ ያኔ ይደውሉልኝ» አለኝ።

ይህን ለእኔ መንገር አልነበረበትም። ፊደልና ቁጥር የተማርኩት በሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ዘግይቶ ያገኘ ሰው ደግሞ የያዘውን አይለቅም። ጠዋት ጠዋት ቁጥሯን እያየሁ ግድግዳው ላይ ያለው ካሌንደር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። 14.8... 15.1... 15.4... ሁለት ጊዜ ደወልኩለት። ሁለቴም «ቆጣሪው ርካሽ ነው እማማ፣ አንዳንዴ ይዋሻል» ብሎ ዘጋብኝ።

ሰኞ ግን በሩ ላይ ቆምኩ።

«ትዕግሥት፣ ዛሬ በሞተር አትሄጂም።»

«እማ፣ ምጥ የያዛት ሴት እየጠበቀችኝ ነው። አንድ ቁጥር አይተሽ...»

«ቁጥሩን ስላየሁ ነው የምልሽ!»

«አንቺ ከተማርሽ ወዲህ እኮ ሰላም አጣን» አለችና ስቃ በጎኔ ሾልካ ሄደች።

ከኋላዋ የቀረው ሽታ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የጎረቤቴን ዶሮዎች ስራገምበት የከረምኩት ሽታ... ከሞተሯ ባትሪ ኖሯል።

ስልኳን ደወልኩ፣ አይነሳም። ደገምኩ፣ አይነሳም። ካሌንደሩን ከግድግዳው ገንጥዬ ባጃጅ ይዤ አዲስ ከተማ ወዳለው የማርቆስ ጋራዥ ከነፍኩ።

«ደግሞ መጡ? ለምን ተቆጣጣሪ ሆነው አይቀጠሩም እማማ!» አለኝ ገና ሲያየኝ።

ካሌንደሩን ፊቱ ዘረጋሁት። «አንብብ። ቆጣሪው ውሸታም ቢሆን አንድ ቀን እንኳ ወደ ታች በዋሸ ነበር። ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ የሚዋሽ ውሸታም አይተህ ታውቃለህ?»

ቁጥሮቹን በጣቱ ተከተላቸው። ሳቁ ጠፋ። ይህኔ ስልኬ ጮኸ።

«እማ... አትደንግጪ።»

ይህን ቃል ሰምታ ያልደነገጠች እናት ካለች ታሳየኝ።

ከመቀመጫው ስር ጭስ ወጥቶ ዘላ ወርዳ ነው። አልተጎዳችም። ሞተሯን በአህያ ጋሪ አስጭና ወደ ማርቆስ ልካ፣ እሷ በባጃጅ ወደ ወላዷ እየሄደች ነው። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ጋሪውን ጠበቅኩ።

ጋሪው ደረሰ። ባትሪው ሆዱ ተነፍቶ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። ማርቆስ ሽቦውን ሁሉ ፈትሾ ምንም ሲያጣ የሬጉሌተሩን ቡሎን ፈታ። ከስሩ ቀይ ቀለም... ሁለት ድርብ፣ ወፍራም።

«ይህን ማን ቀባው? ይህ ዕቃ የሚሠራው እርቃኑን ከሞተሯ ብረት ጋር ሲነካካ ነው። መሃል ቀለም ከገባ ባትሪው መጥገቡን አያውቅም፣ ዝም ብሎ ያጎርሰዋል። እኔ ደግሞ አዲሱን ስገጥም የፋብሪካ ቀለም መስሎኝ...» ብሎ አንገቱን ደፋ።

እኔም ደፋሁ። የቀባሁት እኔ ነኛ።

ሬጉሌተሩ የሚታሰርበት የሞተሯ ብረት ላይ ባሌ የጻፈው ጽሑፍ ነበር። በየቅዳሜው ሞተሯን ሳጥብለት «ምን ይላል?» እለዋለሁ። «ጌታ ጠባቂዬ ነው ይላል» ይለኛል። እኔ ሞኟ እዚያ ጋ ስደርስ ጨርቄን አለዝቤ፣ ልክ እንደ ቅዱስ ነገር... ስንት ዓመት! ፊደል በቆጠርኩ በሦስተኛው ወር ቁጭ ብዬ አነበብኩት። «አስቴር» ይላል። አስቴር ባሌ እኛን ጥሎ የተከተላት ሴት ናት።

ያን ዕለት ቀይ ቀለም ገዝቼ ደፈንኩት። የመጨረሻዋ ፊደል ግማሿ ከሬጉሌተሩ ስር ገብታ ነበር። ግማሽ ፊደል እንኳ እንዳይተርፍ ብዬ ቡሎኑን ፈትቼ፣ ስሩን ቀብቼ መልሼ አሰርኩት። ሞተሯ ባትሪ መብላት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው... አሁን ነው የገባኝ።

ማርቆስ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀው ጀመር። ቀዩ ሲላጥ አራቱም ፊደሎች አንድ በአንድ ብቅ አሉ።

«አስቴር ማናት እማማ?»

«ከዛሬው ጋር አራት ባትሪ የበላች ሴት ናት። ብረቱ እስኪያበራ ፋቅ!»

ፋቀው። ሬጉሌተሩን ገላጣው ብረት ላይ አሰረው፣ ሌላ ባትሪ አስገብቶ አስነሳት። 14.2። ነዳጅ ቢሰጣት፣ መብራቱን ሁሉ ቢያበራ... 14.2። ትዕግሥትም ደወለች፤ ሴትየዋ ወንድ ወልዳለች። «ሞተሯስ ምን ሆና ነው?» አለችኝ። «የቀለም ነገር ነው» ብዬ ዘጋሁ።

ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ እስካሁን አልነገርኳትም፣ ይህን ስታነብ ታውቀዋለች። እሷም ብትሆን ያን ስም ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ማንበብ ትችል ነበር... አንድ ቀን አልነገረችኝም። እኩል ነን።