ዛፍ ብቻ የሚያነሳው የጋሽ ከድር ካሜራ

አላመንኩም። ፌስቡክ ስንቱን በቁሙ ገድሏል! «ጋሽ ከድር አረፉ» የሚለውን ሳይ ገጻቸው ተጠልፎ ነው ብዬ ደወልኩ። ልጃቸው ሐያት አነሳችው። «እውነት ነው» አለችኝ። ለካ ሕመማቸውን ደብቀውን ነው የሰነበቱት።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ከድር አዳማ ውስጥ ካሜራ ሲጠግኑና ሰርግ ሲያነሱ የኖሩ የወሎ ሰው ነበሩ። እኔም ሰርግ አነሳለሁ። ካሜራዬ ሲበላሽ የማምነው እሳቸውን ነበር። ማመን ከተባለ።

አምና በር ዘግተው መሥራት ጀመሩ። ካሜራዬን ልወስድ ስሄድ ከውስጥ «ቆዪ፣ እንዳትከፍቺ!» ይሉኛል። ዕቃ እየቀየሩብኝ ነው አልኩ በሆዴ። አንድ ቀን ገፍቼ ገባሁ። የአዳማ ንፋስም አቧራውን ይዞ ተከተለኝ።

ጠረጴዛው ላይ የራሳቸው አሮጌ ዲጂታል ካሜራ ተፈታቶ ተቀምጧል። ብርሃን ተቀባዩን ሴንሰር የሸፈነችውን ስስ መስታወት አንስተው በሌላ ጠቆር ያለች መስታወት ሊተኩ ነበር። አቧራው እላዩ ላይ አረፈ። የስንት ቀን ልፋታቸውን አበላሸሁ።

አልተቆጡም። «ኢንፍራሬድ ይሉታል፤ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን እንዲያይ ነው» አሉኝ።

የማይታየውን ያያል? በዚያው ቀን ጸጉር ቤት ገብቼ «የጋሽ ከድር ካሜራ ልብስ አልፎ ያያል» አልኩ። ሁለት ሙሽሮች የያዙላቸውን ቀጠሮ ሰረዙባቸው።

ወሬው ሲደርሳቸው እኔኑ ጠርተው ቆቃ ሐይቅ ዳር ወሰዱኝ። ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠለጠሉና ሁሌ የሚሏትን አሉ፦ «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር። ግን ቀምሰሽ ጠርጥሪ!»

ግራሩን አነሳሁት። ቅጠሉ እንደ ጥጥ ነጭ፣ ሰማዩ የጠቆረ ሆኖ ወጣ።

«ልብስስ?» አልኳቸው።

«አልዋሽሽም። አንዳንድ ስስ ጨርቅ ትንሽ ያሳልፋል። ለዚህ ነው ሰው የማላነሳበት። ዛፍ ብቻ።»

«ወሬውን ያወራሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ጭራሽ ስንመለስ መኪና ውስጥ ከእሳቸው ተደብቄ ያነሱትን ፎቶ ሁሉ አገላበጥኩ። ዛፍ። ዛፍ። ዛፍ።

ዛሬ ከቀብር መልስ ለሐያት ነገርኳት።

«አባዬ ያውቅ ነበር» አለችኝ። «ራሷ ትነግረኛለች፣ ተያት ይል ነበር።»

ልታጽናናኝ ብላ ይሆን? ይኸው፣ አሁንም እጠረጥራለሁ።

ጋሽ ከድር፣ በቁምዎ ያልነገርኩዎትን አገር በሚያየው ቦታ ጻፍኩት፦ ወሬው የወጣው ከእኔ አፍ ነው። እርስዎ አንዲትም ሙሽራ አላዋረዱም። የተዋረዱት እርስዎ ነዎት፣ ያዋረድኩዎት ደግሞ እኔ። አፉ ይበሉኝ። አላህ በጀነት ያኑርዎ፣ ጋሼ። ደህና ይሁኑ።